ቀድሞ የደረሰው የኦርቪል ዳቦ

በኤልም ፎርክ ሰው ከመሞቱ በፊት ዳቦው ይጋገራል። ይህን የሰማ እንግዳ ይደነግጥ ይሆናል፤ የመንደሩ ሰው ግን «ምኑ ያስደነግጣል?» ይላል። ሐኪሙ «ልጆቹን ጥሯቸው» ካለ ልጆቹ ከየከተማው መኪና እያበረሩ ይመጣሉ። የመጣ ሰው ሁሉ ይርበዋል። ከቀብር በኋላ ደግሞ አገሩ በሙሉ በቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት ቁጭ ብሎ ምሳ ይበላል። ይህ ሁሉ ድግስ በአንድ ጀምበር አይደርስም። ስለዚህ የቤተክርስቲያኑ ሴቶች ወሬው እንደ ደረሳቸው ዱቄታቸውን ይለካሉ፤ ጋግረው፣ አቀዝቅዘው፣ በፎይል ጠቅልለው ምድር ቤት ያለው ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ ይከታሉ። ታማሚው አልጋው ላይ ሲያቃስት ዳቦው በረዶ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቀዋል። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ፍቅር ነው። ብቻ ይህን ፍቅር ለታማሚው የሚነግረው ሰው የለም።

አርዲስ ለዚያ ፍሪዘር ግማሽ ዕድሜዋን ጋግራለች። የእሷ ድርሻ የቴምርና የዋልነት ለውዝ ዳቦ ነው። እርሾ አይገባበትም፣ ኩፍ እስኪል አይጠበቅም፤ በቤኪንግ ፓውደር ነው የሚነሣው። ተቦክቶ፣ ተጋግሮ፣ ላዩ ላይ የብርቱካን ጭማቂና የስኳር ዱቄት ተበጥብጦ ሲፈስበት፣ ነጩ ቅብ በጎንና በጎኑ ወርዶ ሲደርቅ፣ ሟቹን በቅጡ የማያውቀው ሰው ሁሉ ሐዘንተኛ ሆኖ ይመጣል። ስንቱ ለቀስተኛ ከሟች ሚስት አጠገብ መቀመጡን ትቶ ከአርዲስ ዳቦ አጠገብ ሲቀመጥ ታይቷል!

አንድ ቀን ጠዋት ስልኳ ጮኸ። የደወለችው ላቮን ናት፤ የምድር ቤቱ ወጥ ቤት አለቃ።

«አርዲስ፣ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜአለሁ። ምነው?»

«እንግዲያስ ተቀመጪ። ኦርቪል ነው። ሳንባው ውሃ ቋጥሯል አሉ። ልጁንም ከሲያትል ጠርተዋታል።»

ኦርቪል ታላቅ ወንድሟ ነው። ሌላ ወንድም፣ ሌላ እህት የላትም።

«እና እንግዲህ...» አለች ላቮን፤ የቀረውን ዋጠችው።

«የቴምሩን እጋግራለሁ» አለች አርዲስ።

«አዎ፣ እሱ ይሻላል፤ እሱ ይሻላል» ብላ ላቮን ስልኩን ዘጋች። በእነሱ አገር ይህ ማልቀስ ነው።

እንዲህ ስትሰሙ ወንድምና እህቱ የሚቀራረቡ ሳይመስላችሁ አይቀርም። ከተኳረፉ እኮ አሥር ዓመት አልፏቸዋል! ተኳረፉ ስል ደግሞ ተሰዳደቡ፣ በር ተዘጋጉ ማለቴ አይደለም፤ ኤልም ፎርክ ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር ነውር ነው። በየእሑዱ ቤተክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ።

«ዝናብ የሚመጣ ይመስለኛል» ይላል ኦርቪል፣ ኮፍያውን እየነካ።

«ይመስላል» ትላለች አርዲስ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች እንኳ እሱ ዝናብ ካለ እሷ ይመስላል ትላለች። እዚያ አገር ሰው ስለ አየሩ የሚከራከረው ከሚወደው ሰው ጋር ነው። ከተቀየመው ሰው ጋር ግን ምንም ቢባል ይስማማል።

ነገሩ የተነሣው በእናታቸው ቀብር ነው። እናታቸው ኢንጋ የቴምሩን ዳቦ ሌጣውን ነበር የምትጋግረው። ዳቦ ጌጥ አያስፈልገውም ባይ ነበረች፤ ሰውም ቢሆን። አርዲስ ለእናቷ ምሳ ያንኑ ዳቦ ጋገረች፤ ግን ለክብሯ ብላ፣ ቀኑ ሌላ ቀን አይደለም ብላ፣ የብርቱካኑን ቅብ አፈሰሰችበት። ሰው ሁሉ ወደደው። ፓስተሩ ሦስቴ ተነሥቶ አነሣ። ኦርቪል ግን ከፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ አገር እያየው፣ ቢላዋውን አነሣና ቅቡን ከቁራሹ ላይ ቀስ አድርጎ ፋቀው። ፍቆ ፍቆ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ከመረው። ከዚያ ዳቦውን ሌጣውን በላ። ከበላ በኋላም ደህና ሁኚ ሳይል ብድግ ብሎ ወጣ።

አርዲስ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሁሉንም አየች። ያ የነጭ ስኳር ክምር ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ሆኖ «አንቺ ከእናታችን በለጥሽ?» አላት። እሷ እንደዚያ ነው የሰማችው። ቀና ብላ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልተናገረም። እንዲህ ሆኖ አሥር ዓመት ዝናብ ሲመጣና ሲመስል ኖረ።

እና አሁን ሊሞት ነው ተባለ።

አርዲስ ሽርጧን ታጠቀች። ቴምሩን ፍሬውን አውጥታ በመቀስ ቆራረጠችው፤ መቀሱ ሲጣበቅባት ውሃ ውስጥ እየነከረች። ከትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጋር የፈላ ውሃ አፈሰሰችበትና ለስልሶ ውሃው ቡና እስኪመስል ተወችው። ዋልነቱን በእጇ ሰባበረችው፤ በቢላዋ የተከተፈ ዋልነት አትወድም፣ ሁሉም እኩል ሲሆን አፍ ይሰለቸዋል ትላለች። እንቁላሉን ከስኳሩና ከቅቤው መታች፤ ቴምሩን ከነውሃው ጨመረች፤ በመጨረሻ ዱቄቱን። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ማንኪያውን ብዙ አላዞረችም። ይህን ዓይነቱን ዳቦ ካማሰሉት ይቆጣል፤ ተቆጥቶም ጎማ ይሆናል። ነጩ ዱቄት እንደ ጠፋ እጅን መሰብሰብ ነው።

እሷም ዱቄቱ ሲጠፋ እጇን ሰበሰበች፤ ሰብስባም አለቀሰች። ኦርቪል ልጅ ሆኖ በበረዶ ላይ በሸርተቴ ሲጎትታት፣ ውሻው ሲሞት ጎተራ ገብቶ ሲደበቅ፣ ሁሉም መጣባት። እዚያው ማዕድ ቤቷ ውስጥ ቆማ፣ ማንኪያውን እንደ ያዘች ይቅር አለችው። ቅሬታ አላስቀረችም። የሬሳ ሣጥኑን በየት በኩል እንደምትነካው፣ የትኛውን ሻርፕ እንደምታደርግ ሳይቀር አሰበች። ለሚሞት ሰው ይቅርታ ሲያደርጉ እኮ ነገር ሁሉ ያምራል፤ የሚመልስ የለ፣ የሚያቋርጥ የለ!

ባሏ ሊሮይ ጥግ ላይ ጋዜጣውን ዘርግቷል። ሊሮይ ካልጠየቁት የማይናገር፣ ሲጠይቁትም የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ቅቡን ታደርጊበታለሽ?»

«አደርግበታለሁ።»

«ኦርቪል እኮ አይወደውም።»

«ኦርቪል አይበላውም።»

ሊሮይ ጋዜጣውን ገለጠ። «እሱስ ልክ ነሽ» አለ።

«እንዲያውም ወፈር አድርጌ ነው የማፈስበት» አለች አርዲስ፣ እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች። «እስቲ ፍቆ ያሳየኝ!»

ይቅርታዋ የእውነት ነበር፤ ይህን እንዳትጠራጠሩ። ብቻ እላዩ ላይ ትንሽ ቅብ ነበረበት።

ዳቦው ደርሶ ወጣ። መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል፤ መሰንጠቁ ጉድለት አይደለም፣ ቅቡ የሚገባበት በር ነው። ሲቀዘቅዝ መልሳ የተጋገረበት ቆርቆሮ መጋገሪያ ውስጥ አስቀመጠችውና ከነመጋገሪያው በፎይል ጠቀለለችው። ቅቡን ግን አልቀባችም፤ ፍሪዘር ገብቶ የወጣ ቅብ ያልበዋል፣ ተንጠባጥቦም ያልቃል። የሚቀባው በዕለቱ ነው።

እዚያ ቤተክርስቲያን እያንዳንዷ ሴት በመጋገሪያዋ ቂጥ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ ስሟን ትጽፋለች፤ ዕቃው ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ። የቀብር ዳቦ ሲሆን ደግሞ የአንዱ ለሌላው እንዳይቀርብ የማን ቀብር እንደ ሆነ ይጨመርበታል። አርዲስ መጋገሪያውን ገልብጣ በዚያ ባማረ ጽሕፈቷ «ለኦርቪል ቀብር፤ ከአርዲስ» ብላ ጻፈች። ወሰደችና ፍሪዘሩ ውስጥ ከላይ አስቀመጠችው።

በሚቀጥለው እሑድ ፓስተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ እጆቹን አፋተገ።

«ወገኖቼ፣ ጸሎታችን ተሰምቷል! ወንድማችን ኦርቪል ውሃው ከሳንባው ወጥቶለት ትናንት ቤቱ ገብቷል።»

ምእመኑ አጉረመረመ፤ የኤልም ፎርክ ሰው ደስታው ሲበዛ ያጉረመርማል። አርዲስም ደስ አላት። ሆኖም መዝሙሩ ተዘምሮ ሳያልቅ ሌላ ስሜት ከሥር መጣባት፤ የሆነ ሰው ያታለላት መሰላት። ያንን ሁሉ ይቅርታ አድርጋ! አሁን የት ታደርሰዋለች? ለሟች ተለክቶ የተሰፋ ይቅርታ ነበር፤ ለሕያው ሰው ትከሻው ላይ ይጠብበታል።

በመኪናቸው ሲመለሱ ሊሮይ አየት አደረጋት።

«ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ደስ ብሎኛል።»

«እንግዲያስ ለፊትሽ ንገሪው፤ አልሰማም።»

በማግሥቱ ላቮን ደወለች። ድምፅዋ መልካም ሥራ የሠራ ሰው ድምፅ ነበር።

«ኦርቪልን ጠይቄው መጣሁ። ከስቷል፤ ግን ወሬው እንዳለ ነው። ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ከፍሪዘሩ ያንቺን ዳቦ ወሰድሁለት።»

አርዲስ ወንበር ፈለገች።

«የቱን ዳቦ?»

«የቴምሩን ነዋ። ከላይ አገኘሁት። ወንድሟ አይደል፣ ደስ ይላታል ብዬ...»

«ከመጋገሪያው አውጥተሽ ነው የሰጠሽው?»

«ከነመጋገሪያው ነው እንጂ። ስምሽ ከሥሩ ተጽፏል፤ ይመልስልሻል።»

«ላቮን፣ ከሥሩ ያለውን አንብበሽዋል?»

«መነጽሬን መኪና ውስጥ ትቼው... ስምሽ አይደለም እንዴ?»

«ከስሜ በፊት ሌላም ነገር ጽፌበታለሁ» አለች አርዲስ። ላቮን ቀስ በቀስ ገባት።

«ወይኔ!» አለች። «ወይኔ አርዲስ! የቀብር ነው እንዴ? እኔ እኮ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ነው ብዬ... ወይ ጉዴ! ሞትህን እየጠበቅን ነው ያልሁት አይመስለውም?»

«አንቺ አይደለሽም ያልሽው። እኔ ነኝ ያልሁት። በእጅ ጽሑፌ።»

ስልኩን ዘግታ ማዕድ ቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች። ሊሮይ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ።

«ምን ይደረግ፣ ይቅርታ ጠይቂው» አላት። «ፕላስተሩን ሲያነብ ይስቅ ይሆናል።»

«ፕላስተሩን ማን አነሣ!» ብላ ጮኸች። «ዳቦው ቅብ የለበትም እኮ፣ ሊሮይ!»

«እና?»

«እናማ፣ ተሸነፈች ይላላ! አሥር ዓመት ቆይታ ልክ ነህ ብላ ሌጣውን ላከችልኝ ይላል። የእናታችንን አድርጋ ጋገረችው ይላል። እዚያ ቁጭ ብሎ በደስታ እየበላው ነው አሁን!»

ሊሮይ ጋዜጣውን አጠፈ። «ቀብርህ ደረሰ ብለሽ ከመጻፍሽ ይልቅ አንቺን የሚያሳፍርሽ ይኸ ነው?»

«ቀብሩማ ይደርሳል፤ የሁላችንም ይደርሳል» አለች አርዲስ። የስኳር ዱቄቱን ከመደርደሪያ አወረደች።

አንድ ብርቱካን ጨመቀች፤ የልጣጩን ላይኛ ፈቀፈቀችበት፤ ስኳር ዱቄቱን እያወረደች ማንኪያ ሲያነሡት እንደ ጥብጣብ የሚወርድ እስኪሆን መታችው። በጃም ጠርሙስ ሞልታ ክዳኑን ጠበቅ አደረገችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ገብታ፣ ላቮን ቅቡ ሳይቀባ ነው ያመጣችው፣ ቀሪውን ይዤ መጣሁ ትላለች፤ እግረ መንገዷንም መጋገሪያውን ብድግ አድርጋ ፕላስተሩን ትልጣለች። ያነበበ እንደ ሆነ ግን... ያነበበ እንደ ሆነ የወንድሟን ደጃፍ ዳግመኛ አትረግጥም፤ እሑድ እሑድም በጓሮ በር ትገባለች። አሁን የቀራት አንድ ወንድም ነው፤ እሱንም እግዚአብሔር አንዴ መልሶላት እሷ በአንድ ቁራጭ ፕላስተር ልታጣው ነው። የሊሮይን ፒካፕ አስነሥታ ወጣች።

የኦርቪል ልጅ መድኃኒት ልታመጣ ከተማ ወጥታለች። በሩን የከፈተው እሱ ራሱ ነው፤ ሱሪው ወገቡ ላይ በትከሻ ማንጠልጠያ ብቻ ቆሟል። ትከሻው ወርዷል። አርዲስ ያን ያህል ያረጀ አልመሰላትም ነበር፤ አሥር ዓመት ሙሉ ኮፍያውን እንጂ ፊቱን አይታው አታውቅም።

«ዝናብ የሚመጣ ይመስለኛል» አለ።

«ይመስላል» አለች።

«ግቢ እንግዲህ።»

ገባች። ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዳቦው ከመጋገሪያው ወጥቶ ሳንቃ ላይ ተቀምጧል፤ አልተቆረሰም። መጋገሪያው ከጎኑ ተደፍቷል። ቂጡ ወደ ሰማይ ነው። «ለኦርቪል ቀብር፤ ከአርዲስ።» ከበሩ ላይ እንኳ ይነበብ ነበር፤ ምን ታድርግ፣ ጽሕፈቷ ያምራል።

ኦርቪል እያቃሰተ ተቀመጠ። ወንበር በእግሩ ገፋላት።

«ዳቦሽ ደረሰኝ» አለ። «ትንሽ ቀደም አለ እንጂ።»

አርዲስ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። «ላቮን መነጽሯን ረስታ ነው።»

«ገብቶኛል። ላቮን በመነጽሯም አታይም።»

«ተቀየምህ?»

«በምኑ?»

«በ... በጽሑፉ።»

ኦርቪል መጋገሪያውን አነሣና ፕላስተሩን ከሩቅ፣ ከቅርብ አየው።

«አርዲስ፣ እዚያ ሆስፒታል ተኝቼ ምን እንዳሰብሁ ልንገርሽ? ይህቺ ሴትዮ ትጋግርልኝ ይሆን፣ ወይስ የሱቅ ኬክ ይቀርብብኛል እያልሁ ነበር። ፓስተሩን አላሰብሁም። ጋግረሽ ባላገኝ ነበር የምቀየም።»

እሷ ሳቅም እንባም መጣባት፤ ሁለቱንም እንደ አገሯ ሰው ወደ ታች መለሰቻቸው። ኦርቪል በጣቱ የዳቦውን አናት ነካ ነካ አደረገ።

«ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «ቅቡስ?»

ይኸው መጣ። አርዲስ ቀና አለች።

«ቅብ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም፤ ያልበዋል። የሚቀባው በዕለቱ ነው።»

«እ... ስለዚህ ልትቀቢው ነበር።»

«ልቀባው ነበር።»

«በቀብሬ ቀን።»

«በቀብርህ ቀን።»

«ልፍቀው በማልችልበት ጊዜ!»

አርዲስ ጉንጯ ቀላ። አልካደችም። የኦርቪል ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነበር። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እንደገና ሳቅ ሆነ፤ በመጨረሻ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«አንቺ ክፉ!» አለ። «ሬሳ ላይ ትበቀያለሽ?»

«አንተስ? በእናታችን ቀብር፣ አገር እያየህ ቅቡን ፍቀህ የጣልህ አይደለህም?» ድምፅዋ ከፍ አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ እዚህ ቤት ድምፅ ከፍ ሲል የመጀመሪያው ነው። «አፍህ ላይ አያርፍም ነበር? አንድ ቀን ብቻ ችለህ ብትውጠው ትሞት ነበር?»

ኦርቪል ሳቁን አቆመ። በደንብ አያት።

«የጣልሁት መሰለሽ?»

«ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ከምረኸው ሄድህ! በዓይኔ አይቼ!»

«ለመጨረሻ ነው እንጂ ያስቀመጥሁት» አለ ኦርቪል። «ጣፋጩን እኮ ሁልጊዜ ለመጨረሻ ነው የማስቀምጠው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ልበላው ስል የጎረቤቱ ሰው መጣና ላሞችህ አጥር ጥሰው አስፋልት ላይ ወጥተዋል አለኝ። ሮጥሁ። ስመለስ ላቮን ሳህኑን አጥባዋለች። ቅቡን ሳልቀምሰው ቀረሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«አልጠየቅሽኝም። ፊትሽ ግን ጠቁሯል። በእናታችን ቀብር ላሞች ፍለጋ ጥሎ የሚሄድ ብለሽ የተቀየምሽ መስሎኝ ነበር። ለዚያማ ምን መልስ አለኝ? ዝም አልሁ።»

አርዲስ ነገሩን በልቧ መዘነችው። ላሞቹስ እውነት ነው፤ የዚያን ቀን ላሞች አስፋልት ላይ ወጥተው ነበር፤ ሊሮይም ረድቷቸዋል። የቀረው ግን... ጣፋጩን ለመጨረሻ የሚያስቀምጠው ልጅ? ያ ልጅ ኦርቪል አልነበረም። እሷ ነበረች። የልደት ኬክ ሲቆረስ ክሬሙን ፋቅ ፋቅ አድርጋ ከሳህኗ ጠርዝ ላይ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። ኦርቪል ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ሹካውን ሰዶ ይሰርቃታል፤ ሰርቆም ለውሻው ይሰጠዋል፤ እሱ ጣፋጭ አይወድማ! ቡናውን ዕድሜውን ሙሉ ያለ ስኳር ነው የጠጣው።

ልትናገር አፏን ከፈተች። ወንድሟን አየችው፤ ከማንጠልጠያው ሥር የመነመነውን ሰውነቱን፣ ውሸቱ ታምኖ እንደሆነ ሊያይ ከቅንድቡ ሥር ሰረቅ አድርጎ የሚመለከታትን። ውሸቱን ሆስፒታል ተኝቶ አስቦት ይሆን? ወይስ አሁን፣ መኪናዋ ሲገባ በመስኮት አይቶ? አፏን ዘጋች። ቦርሳዋን ከፍታ ጠርሙሱን አወጣች።

«ይዤው መጥቻለሁ» አለች።

የኦርቪል ፊት ለአፍታ ተለወጠ፤ መርፌ ይዛ የመጣች ነርስ ያየ ሰው መሰለ። ወዲያው መለሰው።

«ጎሽ» አለ። «ጎሽ፣ አፍስሺዋ።»

ክዳኑን ከፍታ አፈሰሰችው። ቅቡ በስንጥቁ ውስጥ ገባ፤ ሞልቶም በሁለቱ ጎን ወረደ፤ እንደ ዛተችው ወፈር አድርጋ ነው ያፈሰሰችው። እስኪደርቅ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ስለ ላቮን መነጽር አወሩ፤ ስለ ፓስተሩ አዲስ ጫማ። ከዚያ ኦርቪል ቢላዋውን አነሣና ቆረሰ፤ ለእሷ አንድ፣ ለራሱ አንድ።

ቢላዋውን አላስቀመጠውም። ቅቡን ከቁራሹ ላይ ቀስ አድርጎ ፋቀው። ፍቆ ፍቆ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ከመረው። ይህን ስታይ፣ ሁሉን እያወቀች እንኳ፣ አርዲስ ሹካዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ኦርቪል ዳቦውን ሌጣውን በላ፤ ዓይኑን ጨፍኖ በላ፣ የእናቱን ቤት እየሸተተ። ጨረሰ። ክምሩ ቀረ።

ሹካውን አነሣ። ትልቁን ጉርሻ አንሥቶ አፉ ውስጥ ከተተ። መንጋጋው ቆመ። አንድ ዓይኑ ትንሽ አነባ። ዋጠው።

«ይጣፍጣል» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«በዛ?»

«አይ፣ ልክ ነው።» ውሃ ፈለገ፤ የብርጭቆውን ግማሽ ጠጣ፤ ሹካውን እንደገና ወደ ክምሩ ላከ። ሊጨርሰው ነው። አንድ ጊዜ ያልቻለውን አሁን ሊችለው ቆርጧል።

አርዲስ ከጠረጴዛው ማዶ ሹካዋን ሰደደች፤ የቀረውን ክምር ከሳህኑ ጠርዝ ላይ በአንድ ጊዜ ጠርጋ ወሰደችው።

«ምነው!» አለ ኦርቪል። «ያንቺ አለ አይደል?»

«ያንተ ይጣፍጣል» አለች፤ ጎረሰችው።

ተያዩ። ኦርቪል ውሻው የት ሄደ እንደሚል ሁሉ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲያ አንዳቸውም አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ልትሄድ ስትነሣ መጋገሪያውን እጁ ላይ ይዞ አመነታ። በኤልም ፎርክ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም።

«ባዶውን አልሰጥሽም፣ መጋገርም አላውቅ» አለ። «ምን ይሻለኛል?»

«አንተ ጋ ይቀመጥ።»

«የቀብሬንስ በምን ትጋግሪያለሽ?»

«ሌላ መጋገሪያ እስካገኝ መጠበቅ አለብሃ!»

«እሺ» አለ ኦርቪል። «አትቸኩዪ።» ፕላስተሩን በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ላጠና ሳይቀደድ አወጣው፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከሐኪሙ ቀጠሮ አጠገብ ለጠፈው። «አይጠፋብኝም» አለ።

ደጃፉ ድረስ ሸኛት። ከሰዓት በኋላው ብሩህ ነበር፤ ከጎተራው ጣሪያ በላይ የደመና ጭረት አልነበረም። ኦርቪል እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ኮፍያ የሌለውን ግንባሩን ነካ።

«ዝናብ የሚመጣ ይመስለኛል።»

አርዲስ የፒካፑን በር እንደ ያዘች ዘወር አለች።

«የምን ዝናብ?» አለችው። «ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትናገረው? ሰማዩን አታየውም?»

ኦርቪል ሰማዩን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«ይመጣል እኮ ነው የምልሽ» አለ፤ ሳቁን መያዝ አቅቶት።

«አይመጣም!» አለች አርዲስ፤ ሞተሩን አስነሣች፣ መስኮቱንም ዝቅ አድርጋ ከግቢው በር እስክትወጣ ድረስ ተከራከረችው።